ባለቤቱ ሳይመጣ ሐዲድ አይነካም

ጋሽ ኑሩ መሞታቸውን የነገረኝ ገመቹ ነው፤ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ባጃጁን የሚያቆመው ሹፌር። ጠዋት አንድ መምህር ወንበር ላይ አስቀምጬ ጢሙን ስላጭ ብቅ አለና «ደምስ፣ ጋሽ ኑሩ አርፈዋል» አለኝ።

«ማን ላከህ?» አልኩት።

«ማንም አልላከኝም።»

«በምን ትምላለህ?»

«በእናቴ!»

መላጨቴን ቀጠልኩ።

«በባጃጄ!» አለ።

ምላጩን አስቀመጥኩ። ገመቹ በእናቱ ስንት ጊዜ በውሸት እንደማለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ በባጃጁ ግን አንድም ቀን በውሸት ምሎ አያውቅም።

ሞት ሲነገረው መሐላ የሚጠይቅ ሰው በአዳማ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ፀጉር ስቆርጥ ኖሬያለሁ። የቆረጥኩት ፀጉርና የቀደድኩት ወሬ ይጫን ቢባል፣ ፀጉሩ በአንድ ጋሪ ያልቃል፤ ለወሬው ግን ተሳቢ ያለው መኪና ሊታዘዝ ነው። ብዙ ሰው ስለሸወድኩ፣ ሰው ሁሉ ሊሸውደኝ የተነሳ ይመስለኛል። ስለ ጋሽ ኑሩ የምጽፈው ግን ቅጥያ የለበትም። ባቡሮቹን ስቆጥር ትንሽ ካበዛሁ እለፉኝ፤ የቀረው እንዳለ ነው።

ጋሽ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው። በጎረምሳነታቸው ናዝሬት መጥተው በአሮጌው ባቡር ጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ ፀጉራቸውም እዚያው ሸበተ። ሽበቱን የቆረጥኩት እኔ ስለሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ። ባቡሩ ሥራ አቁሞ ሐዲዱ መሃል ፍየል መሰማራት ሲጀምር እሳቸው አልቆሙም። ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራ፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንደኛው ተራ ጠብቆ የሚተነፍስባት ክፍል ተከራዩና ትንንሽ ባቡር መጠገን ጀመሩ። ክንድ የማያክሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ የትልቁ ባቡር እያንዳንዱ ብሎን የተቀረጸባቸው ሞዴሎች ናቸው።

«አሻንጉሊት» የሚለው ቃል ካመለጠኝ ሦስት ቀን አያናግሩኝም ነበር። «አሻንጉሊት ልጅ የሚጫወትበት ነው» ይላሉ። «ይሄ ባቡር ነው። ያነሰው ቁመቱ ብቻ ነው፤ ቁመትማ አንተም የለህም።»

እነዚህ ባቡሮች ከየት ይመጣሉ የሚል አይጠፋም። በባቡሩ ዘመን እዚህ የኖሩ ፈረንሳዮችና ግሪኮች ለልጆቻቸው ያመጧቸው ናቸው። ሲሄዱ አንዱ ለአብሳዩ፣ አንዱ ለዘበኛው፣ አንዱ ለጎረቤቱ ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ከሠርግ ፎቶ ጎን ቆመው አቧራ ጠጡ። ጋሽ ኑሩ ከሰልባጅ ተራም እየለቀሙ የራሳቸውን ያጠራቅሙ ነበር። በእሳቸው ቆጠራ የራሳቸው ሃያ ሦስት ናቸው፤ በእኔ ቆጠራ አራት መቶ ይደርሳሉ።

የሁሉም በሽታ አንድ ነው፤ ሞተር። ሞተሮቹ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ መለዋወጫ የላቸውም። ስለዚህ ጋሽ ኑሩ የሌላ ዕቃ ሞተር ፈልገው ይተክሉላቸዋል። የቴፕ ሞተር፣ የዲቪዲ ማጫወቻ ሞተር፣ የፕሪንተር ሞተር። «ልቡን ቀየርኩለት» ይላሉ። የሞተሩን ዘንግ ጎማውን ከሚያዞረው ማርሽ ጥርስ ጋር የሚያገናኙት ከጤና ጣቢያ በሚያመጡት የግሉኮስ ቱቦ ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ካለቀ የድንጋይ ባትሪ ሰብረው መሃሉ ላይ ያለውን ጥቁር ዘንግ በምላጭ ይቀርጻሉ። ምላጩ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ማበጠሪያዎቼም እዚያው ቀርተዋል፤ የጥርሱን ብዛት የሚቆጥሩት በማበጠሪያ ጫፍ አንድ በአንድ እየነኩ ነበር። «ጥርሱ ሳይቆጠር ሥራ አይጀመርም» የሚል ሕግ ነበራቸው። አንድ ቀን ደንበኛዬ «ምን እየቆጠሩ ነው?» ቢላቸው፣ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ «የአንተን ኃጢአት፤ ሰላሳ ሰባት ደርሻለሁ፣ አታቋርጠኝ» አሉት።

የታመመ ሞተር በአፍንጫቸው ነበር የሚመረምሩት። ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል። «ይሄ ተቃጥሏል። ይሄ ዘይት ነው የጠማው። ይሄን ሰው ነክቶታል።» የእኔን የፀጉር መቁረጫ ማሽን አንድ ጊዜ አሽተው «ይሄ ደግሞ ከባለቤቱ ወሬ የተነሳ ደንዝዟል» ብለውኝ ያውቃሉ። አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ግን አይወዱትም። ከከተማ ወጣ ብሎ ሲያልፍ አንድ ቀን ወስጄ አሳየኋቸው። አይተው አይተው «ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሌባ ነው» አሉና «ወደ ቤት» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሽ ኑሩ ከጥገና ክፍሉ ይዘውት የወጡት አንድ ደንብ ነበራቸው። በትልቁ ባቡር ጊዜ መካኒክ የጠገነውን ባቡር ራሱ ነድቶ አያወጣም። ነጂው መጥቶ፣ ወጥቶ፣ ራሱ ያስነሳዋል፤ መካኒኩ ታች ቆሞ ያያል። ያን ደንብ ወደ ትንንሾቹ አመጡት። የሰው ባቡር ጠግነው ሲጨርሱ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝተው፣ ጎማው በአየር ላይ ሲሽከረከር ብቻ ነው የሚሞክሩት። ሐዲድ ላይ አያስቀምጡትም። ባለቤቱ መጥቶ በገዛ እጁ ሐዲዱ ላይ ማስቀመጥና ማብሪያውን መጫን አለበት። «ባለቤቱ ሳይመጣ ሐዲድ አይነካም። መካኒክ ያድናል፣ ነጂ ያስነሳል» ይላሉ።

ባለቤቱ ያልመጣለት አንድ ባቡር ነበር።

ባለቤቱ ጋሽ በቀለ ይባላሉ። የአሮጌው ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ጋሽ ኑሩ የጠገኑትን ሲነዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ። ጡረታ ሲወጡ ያሠለጠናቸው ፈረንሳዊ አረንጓዴ ሞዴል ባቡር ሰጣቸው፤ ራሳቸው ይነዱት ከነበረው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት። የልጅ ልጆቻቸው አንድ ቀን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። አሥራ ሁለት ቮልት ለለመደ ሞተር ሁለት መቶ ሃያ ሲመጣበት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። ጋሽ በቀለ ባቡሩን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፈው አመጡት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ስማ ኑሩ» አሉ። ሲናገሩ ሁሉን ነገር በ«ስማ» ነው የሚጀምሩት። «ሳልሞት አንዴ ሲሄድ ልየው።»

«አብሽር በቄ» አሉ ጋሽ ኑሩ። «ሳታየው አንተም አትሞትም፣ እኔም አልሞትም።»

ይህ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ጋሽ ኑሩ የሚሆነውን ሞተር ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀባቸው። እኔ የዲቪዲ ሞተር ባመጣላቸው «ይሄማ እንደ ገመቹ ባጃጅ ሊበር ነው» ብለው መለሱልኝ። እሳቸው የሚፈልጉት ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ባቡር ከብዶት፣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሞተር ነው። «በቄ የነዳው እንደዚያ ነው፤ ሌላ ዓይነት ካሳየሁት የሱ አይደለም።» በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ የቪዲዮ ማጫወቻ ሆድ ውስጥ አገኙት። ባቡሩ ዳነ። ግን በዚህ መሃል የጋሽ በቀለ ሚስት ሞተች፣ ቤቱ ተሸጠ፣ ስልካቸው ተቀየረ፤ ሰውየው ከናዝሬት ጠፉ። አንዱ ድሬዳዋ ናቸው ይላል፣ አንዱ አዲስ አበባ። ባቡሩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ አራት ዓመት ተቀመጠ። በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ጋሽ ኑሩ ቀና ይላሉ። የእኔ ደንበኛ ቢሆንም፣ ድመት ብትሆንም ቀና ይላሉ።

እኔ የሰው ድምፅ ማስመሰል እችላለሁ፤ ይህ ማጋነን አይደለም። ጋሽ በቀለን ለዓመታት ቆርጫቸዋለሁ፤ ድምፃቸው ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሥራ የቀዘቀዘበት ሐሙስ የአንድ ደንበኛ ስልክ ተውሼ ከፀጉር ቤቴ ጓዳ ደወልኩ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የስልካቸው ጥሪ እኔም ዘንድ ይሰማል።

«ስማ ኑሩ» አልኩ። «ድሬዳዋ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ባቡሬ ዳነ?»

«በቄ! አልሃምዱሊላህ! በቄ፣ ዳነ እኮ!» ሲሉ በስልኩም በግድግዳውም ሰማኋቸው። ለምን አደረግከው ብትሉኝ፣ ደስ እንዲላቸው ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ድምፁ እንዴት እንደወጣልኝ ለደንበኞቼ ልናገርበት ነው።

ቅዳሜ ጋሽ ኑሩ ሐዲዱን በረንዳው ላይ ዘረጉ። ከጎረቤት አራት ወንበር ተዋሱ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሳምቡሳ ጠብሰው ላኩ። የድሮውን የሥራ ኮፍያቸውን አደረጉ። እኔ በመስታወቱ ውስጥ እያየኋቸው ከደንበኞቼ ጋር በሳቅ ፈነዳሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ እንስቃለን። አሥር ሰዓት ሆነ፤ አንዱ ደንበኛ «ኧረ ይበቃል ደምስ፣ ንገራቸው» አለኝ። «ትንሽ ቆይ» አልኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ለየባለቤቱ ሲመልሱ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ያልቆሸሸ ወለል እጠርግ ነበር።

ሰኞ የስልኩ ባለቤት አወራና ጋሽ ኑሩ ደረሱበት። መጥተው ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡ። ምላጭ በእጄ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ የሚመስለው።

«አንተ ቀዳዳ» አሉኝ።

«ጋሽዬ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ግን ድምፁን እንዴት አመጣኸው? ወላሂ፣ ለሁለት ደቂቃ በቄን አገኘሁት።» ከዚያ ፀጉራቸውን አስተካክዬ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ገመቹ አለ፣ መምህሩ አለ፣ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አግዳሚው ላይ አሉ። ጋሽ ኑሩ እየሳቁ ገቡ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ እንባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ።

«ያ ጀማዓ፣ ይሄን ሰው ተመልከቱልኝ!» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ትናንት ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። ሦስት ጊዜ!»

እኔ አልደወልኩም። ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሯል።

«ጋሽ በቀለ ምን አሉ እሺ?» አለ ገመቹ።

«ደግሞ ዘንድሮ ባቱ ገብቷል፤ ልጄ ዘንድ ነኝ ይላል። አምና ድሬዳዋ አልነበርክ? ‹ስማ ኑሩ፣ የፊት ግራ ደረጃው ተሰብሮ ነበር፣ ሠራኸው?› ይለኛል። ባቡሩን ጨርቁን ገልጠህ ሰርስረህ አይተሃል ማለት ነው፣ ሰላይ! ሳሉ ደግሞ! ኧረ ሳሉን ከየት አመጣኸው? ሰው እየሞተ ነው የሚመስለው!»

«ምን አሏቸው ታዲያ?» አለ መምህሩ።

«ሳቅሁበት ነዋ። ‹ዛሬስ አልበላልህም፣ ሂድ ፀጉርህን ቁረጥ› ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ አግዳሚውን ይደበድባል፤ ገመቹ «ደምስ፣ አንተ ሰው አይደለህም!» ይላል፤ እንደ ሙገሳ ነው የሚለው። እኔን ደግሞ እወቁኝ፤ ያልሠራሁትን ቀልድ ሠርተሃል ብላችሁ ካጨበጨባችሁልኝ፣ አልሠራሁትም ብዬ ጭብጨባውን የምመልስ ሰው አይደለሁም። አንዱ ጎረምሳ ከእኔ ተምሮ ነው የደወለው ብዬ አሰብኩ። ተማሪ ማፍራቴ ደስ አለኝ።

«ምን ላድርግ ጋሽዬ፣ ጥበብ ነው» አልኩ።

«እስቲ ሳሉን ድገመው!» አሉ ጋሽ ኑሩ።

ደገምኩት። ሰምቼው የማላውቀውን ሳል፣ ደረቴን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን እያቆራረጥኩ ሳልኩላቸው። ጋሽ ኑሩ «እሱ ነው! እሱ ነው!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ጎረምሶች አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ማሉ። ገመቹን በባጃጁ አስማልኩት። ያን ጊዜ ነው ደረጃው ትዝ ያለኝ። የፊት ግራ ደረጃው መሰበሩን እኔ አላውቅም ነበር። ጨርቁን ገልጬ አይቼ አላውቅማ። ያንን የሚያውቅ የሰበረው ወይም ያመጣው ሰው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ካርድ አለቀብኝ ብዬ የጋሽ ኑሩን ስልክ ተዋስኩ። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተደርድሮ አለ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩትና መስታወቱ ጥግ ላይ ለጠፍኩት። እዚያ የለጠፍኩት እንዳልረሳው ነው፤ አልረሳሁትምም። በየቀኑ ከደንበኛው ጆሮ በላይ አየዋለሁ። ልደውል እላለሁ፤ ደግሞ ምን ብዬ? መጀመሪያ ለጋሽ ኑሩ መንገር አለብኝ። ልነግራቸው ስነሳ፣ «ሳሉን እንኳን ደገምክልኝ» ሲሉኝ ይታየኛል። የሚሞት ሰው ላይ መሳቃቸውን፣ ያሳቅኳቸውም እኔ መሆኔን በምን አፌ ልናገር? ነገ እላለሁ። ሰኞ እላለሁ። ከጁምዓ በኋላ እላለሁ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታቸው በርትቶ ነበር። በደጄ ሲያልፉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ስማ ደምስ» ይላሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ሳቅ መሆኑን እንጃ፤ ጥርሴ ግን ይታይ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈና ገመቹ በባጃጁ የማለባት ጠዋት መጣች። ደም ግፊት ነው አሉ፤ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ወደቁ። በዚያው ቀን ቀበርናቸው። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ቀላል ነበሩ፤ የእኔ ትከሻ ላይ ግን የትልቁ ባቡር ክብደት ነበራቸው።

በሳምንቱ እትዬ ዘይነባ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። የሰው ባቡሮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አንገቱ ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ታስሯል።

«ደምሴ» አሉኝ። «የሰው አደራ በቤቴ አይደር። ኑሩ ይጨንቀዋል። ሰዉን ሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ለየባለቤቱ አድርስልኝ።»

ሌሎቹን በሁለት ቀን መለስኩ። የመጨረሻው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ነበር። መስታወቱ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ባቡሩን፣ የተቆራረጠውን ሐዲድና ጋሽ ኑሩ የሠሯትን ኃይል የምትሰጥ ሳጥን በጆንያ ይዤ፣ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ፣ በመቂ በኩል ባቱ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የፈጀው። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠፋ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ርቀት ላይ ነበር።

መናኸሪያው በር ላይ የቆሙ የባጃጅ ሹፌሮችን ጠየቅኩ። «አካም ጅርታ። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ታውቃላችሁ?»

«ባቡር? ባቱ ላይ?» ብሎ አንዱ ሳቀብኝ። «መርከብ ነጂ አይሻልህም፣ ሐይቁ ያውልህ!»

ሌላኛው ግን «የአልማዝ አባት ይሆናሉ፤ ዓሳ ቤት ያላት» አለ።

አልማዝ ዓሳ እየሰነጠቀች ነበር። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ግንባሯ የጋሽ በቀለ ግንባር ነው፤ እዚያ ግንባር ላይ ለዓመታት ምላጭ አሳልፌያለሁ፣ አይጠፋኝም። ጥቁር ለብሳለች። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አርባውን ካወጣን ሦስት ሳምንት ሆነን» አለችኝ።

ቆሜ ቆጠርኩ። ስልኩን ከደወሉ በኋላ ሁለት ሳምንት በሕይወት ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥራቸው መስታወቴ ላይ ነበር።

ጨርቁን ፈታሁት። አልማዝ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ባቡሩን አየችው፤ አልነካችውም።

«ታዲያ ሠርተውት ነበር እንዴ?» አለች። «አባቴማ የድሮ ደብተሩ ከሣጥን ሥር ተገኝቶ፣ የጋሽ ኑሩን ቁጥር አግኝቶ፣ እንደ ልጅ ሲፈነድቅ ነበር። ደወለ። ሳቁበት። የመስመር ችግር ይሆናል ብሎ ደገመ። በሦስተኛው ጆሮው ላይ ዘጉበት። እኔ ‹ናዝሬት ሩቅ አይደለም፣ መኪና ይዤ ልውሰድህ› ብለው እምቢ አለ። ‹ስምንት ዓመት ሳልጠይቀው ኖሬ ምን ይበለኝ? ተቀይሞኛል፣ እውነት አለው› አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ባቡሩ አንስቶ አያውቅም።»

«አልተቀየሙም» አልኩ።

«አንተ በምን ታውቃለህ?»

ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሳልጨምር። ስለ ቅዳሜዋ፣ ስለ ወንበሮቹ፣ ስለ ጭብጨባው። ሳሉንም ነገርኳት። ስለ ሳሉ ስነግራት ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ኑሩ ይሄን ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አያውቁም። ሳልነግራቸው ሞቱ።»

«እንግዲህ ሁለቱም እየተጠባበቁ ሞቱ» አለች። ጮኻ ብትናገረኝ መልስ አላጣም ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ። እሷ ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው። «አንተ ግን አላሰብከውም እንጂ ክፉ አይደለህም» አለችና ዓሳ መሰንጠቋን ቀጠለች። ያቺ ቃል ከስድብ በላይ ከበደችኝ፤ ምክንያቱም ቁጥሩን መስታወቴ ላይ ለጥፌ ልደውል አልደውል እያልኩ በየቀኑ ማሰቤን ዘልዬው ነበር። ማሰብማ አስቤ ነበር። ይህንንም ነገርኳት።

የያዘችውን ዓሳ ሰንጥቃ ጨረሰች።

«ይሄዳል?» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ባቡሩ እያየች።

«ጎማው ይዞራል። ሐዲድ ላይ ግን ተሞክሮ አያውቅም። ባለቤቱ ነው የሚያስነሳው።»

«ባለቤቱ አሁን ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ መሰለኝ።»

እጇን ታጠበች። ሁለት ጠረጴዛ አጋጥመን ሐዲዱን ገጣጠምኩ፤ ጋሽ ኑሩ ሲያደርጉ እንዳየሁት ሐዲዱን በአልኮል ጠረግሁ። ባቡሩን በሁለት እጇ አንስታ አስቀመጠችው። ሳጥኗን ሶኬት ላይ ሰካሁ። መብራት የለም።

ዓሳ የሚበሉት ሰዎች «ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ አሁን ይመጣል» አሉን። ጠበቅን። ባለ ጋሪዎች ገብተው ወጡ፤ አንዱ ባቡሩን አይቶ «ይሄ ደግሞ ስንት ሰው ይጭናል?» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። እኔም ሊመጣልኝ የነበረውን መልስ ዋጥኩት። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ዘቀዘቀች። የመጨረሻው መኪና ረዳት ውጭ «ሞጆ! ሞጆ!» እያለ ይጮኻል።

«ሂድ» አለችኝ። «ሲመጣ እኔ አየዋለሁ።»

«ከሄደ ትደውይልኛለሽ?»

ቁጥሬን ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ጠርዝ ላይ ጻፈችው። እደውላለሁም፣ አልደውልምም አላለችኝም።

ይህን ስጽፍ አራተኛ ወሩ ነው፤ አልደወለችም። ሄዶ ይሁን፣ እምቢ ብሎ ይሁን፣ ወይም ከነጭራሹ አልሞከረችው ይሆን፣ አላውቅም። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ደንበኛዬን በግማሽ ጭንቅላቱ ትቼ አነሳለሁ። ጎረምሶቹ ነቅተውብኛል፤ በየሳምንቱ አንዱ ድምፁን ለውጦ ይደውላል። ባለፈው ገመቹ በሴት ድምፅ «ከባቱ ነው» አለኝ፤ ከኋላው የራሱ ባጃጅ ሞተር ይሰማል። አውቄዋለሁ። ግን አልዘጋሁበትም። «አቤት፣ እየሰማሁ ነው» እያልኩ፣ ሳቁ አልቆ፣ አፍሮ ራሱ እስኪዘጋው ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ።